የቤተ ሰብ ትውልድ ስለ መቍጠርና ስለ መጻፍ

ይህች አጭር ጽሑፍ የነገሥታትንና የመኳንንትን ትውልድ ለመዘርዘር የተነሣች አይደለችም። የነርሱ የዘር ሐረግ በየዜና መዋዕሉ ተጽፎ ስለሚገኝ ለማንበብ የፈለገ ሁሉ ሊያገኘው ይችላል። እኛ የተነሣነው አንድ ሹመት የሌለው፥ ስሙም በታሪክ መጽሐፍ ያልተጻፈ የገበሬ ቤተ ሰብ ትውልዱን በምን መንገድ ይዞ እንደ ቈየና ዛሬ በምን መንገድ ተፈልጎ ሊጻፍ እንደሚችል ለመመርመር ነው። ምርመራውን ያደረግነው ሦስት ተማሪዎች ነን። ከመካከላችን የአንደኛው ወላጆች የመንዝ ተወላጆች ስለ ሆኑ በሁለት የዕረፍት ጊዜያት ወደዚያው ሄደን ሽማግሌዎችን ጠይቀናል፤ በየቤቱ የተቀመጡትንም ጽሑፎች ተመልክተናል። የታሪክ ሊቃውንት ስላልሆንን ሥራችን ጉድለት እንደማያጣው እናውቃለን። የቤተ ሰቡን ስም ያልጠቀስንበትን ምክንያት ግን አንባቢ ወደ ጽሑፉ መጨረሻ ሲደርስ ይረዳዋል።

ትውልድ ስለ ምን ይቈጠር ነበር

በአገራችን ሰው የትውልዱን ሐረግ በቃሉ የሚያጠናው ለጌጥ ወይም ለጊዜ ማሳለፊያ አልነበረም። ዋናው ምክንያት መሬት ነበር። በርስት ሥርዓት በሚተዳደረው ምድር አንድ ሰው የእርሻ ድርሻ የሚያገኘው መሬቱን በመጀመሪያ ከያዘው ከአቅኚው አባት መወለዱን ቈጥሮ ሲያስረዳ ነበር። ቈጠራው በአባት ወገን ብቻ ሳይሆን በእናትም ወገን ስለሚሄድ አንድ ሰው ከብዙ አቅኚዎች ሊቈጥር፥ በየስፍራውም ድርሻ ሊጠይቅ ይችል ነበር። የመንዝ ሰዎች ማማ፥ ላሎና ጌራ የሚባሉትን ሦስት ሰዎች ያገራቸው አቅኚ አባቶች አድርገው ይተርካሉ፤ አገሩም እስከ ዛሬ ድረስ ማማ ምድር፥ ላሎ ምድር፥ ጌራ ምድር እየተባለ በስማቸው ይጠራል። በጎጃም ደግሞ የመጀመሪያውን ያዥ ዋና አባት፥ ከርሱ በታች መሬቱ የተከፈለላቸውን ምንዝር አባት ይሏቸው ነበር።

«ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የተባለውም ስለዚህ ነው። አንድ ሰው አባቱና አያቱ ከአገር ወጥተው በሌላ አገር ቢኖሩም እንኳ ሐረጉን ሳያቋርጥ ቈጥሮ የመጣ እንደ ሆነ ድርሻዬን ስጡኝ ብሎ መሟገት ይችል ነበር። ነገር ግን አለን ሆበን የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ በጎጃም በደጋ ዳሞት ተቀምጦ ካጠና በኋላ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፥ ሰው በቈጠራ ሊጠይቀው የሚችለው መሬት በእውነት ሊይዘው ከሚችለው እጅግ የበለጠ ነበር። ስለዚህ ቈጠራው ብቻውን መሬት አያሰጥም፤ ወዳጅ፥ ገንዘብ፥ ሥልጣንና የንግግር ችሎታም ያስፈልግ ነበር። ይህ ለትውልድ መርማሪ ትልቅ ማስጠንቀቂያ ነው፤ በቃል የተያዘው ሐረግ የመወለድ መዝገብ ብቻ ሳይሆን የሙግት መሣሪያም ነበር ማለት ነውና።

ሁለተኛው ምክንያት ጋብቻ ነው። ሙሽራውና ሙሽሪት በሥጋ እንዳይገናኙ ሽማግሌዎች በሁለቱም ወገን እስከ ሰባት ቤት ይቈጥራሉ። ይህ ልማድ በክርስቲያኑ ብቻ የተወሰነ አይደለም። ቤተ እስራኤሎችም በአገራችን ሳሉ እንዲሁ ያደርጉ ነበር፤ ወደ እስራኤል አገር ከሄዱም በኋላ ዘመዶቻቸውን ጠርተው ሰባት ቤት የሚያስቈጥሩ ብዙዎች ናቸው። በኦሮሞና በሶማሌ ሕዝብ ዘንድ ደግሞ ልጅ የአባቶቹን ስም በተራ መቍጠር ከሕፃንነቱ ጀምሮ ይማር እንደ ነበረ የታወቀ ነው፤ ይኸውም የየትኛው ጐሳ ልጅ መሆኑን ለማስታወቅ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ቀላል ሒሳብ ማሳየት ይገባናል። ሰው ሁለት ወላጆች፥ 4 አያቶች፥ 8 ቅድመ አያቶች አሉት። እንዲህ እየታጠፈ ሲሄድ በሰባተኛው ትውልድ ላይ 128 ወላጆች ይሆናሉ፤ ከታች ጀምሮ ሁሉም ሲደመሩ 254 ናቸው። ይህን ያህል ሰው በቃሉ የሚይዝ ማን ነው? እኛ ከጠየቅናቸው ሰዎች መካከል ሩቡን እንኳ የቈጠረልን አልተገኘም። የሚታወሱት ርስት የተገኘባቸው ብቻ ናቸው። መሬት ያላመጣው አያት፥ ምንም እንኳ ደግ ሰው ቢሆን፥ በሦስት ትውልድ ውስጥ ይረሳል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 31/1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት በሆነ ጊዜ የርስት ሙግት አብሮ ቀረ። አዋጁ ለብዙ ጭሰኞች ያመጣውን ጥቅም መናገር የዚህ ጽሑፍ ተግባር አይደለም። ትውልድን በቃል የሚያስጠናው ዋና ምክንያት ግን በዚያ ቀን እንደ ተቋረጠ ማስታወስ ያስፈልጋል። በዚያ ዓመት የ20 ዓመት ጐልማሳ የነበረ ሰው ዛሬ 70 ዓመት ገደማ ሆኖታል። ከርሱ በኋላ የተወለደው ቈጠራን የሚያጠናበት ዳኛ ፊት የለውም። እንግዲህ መሬቱ ይዞት የነበረውን ትዝታ ከእንግዲህ ወዲያ የሚይዘው ፈቃደኛ የሆነ ዘመድ ብቻ ነው።

ከሰው አፍ የሚገኘው

በመጀመሪያው ጒዞአችን ሽማግሌዎቹን በአንድ ላይ ሰብስበን ጠየቅን። ይህ ስሕተት ነበር። አንደኛው ሲናገር ሌላው ያከብረዋል እንጂ አያርመውም፤ ታናሹም ታላቁ ያለውን ይደግማል። ኋላ ግን እያንዳንዱን በየቤቱ ለብቻው ስንጠይቅ በጉባኤው ላይ አንድ የነበረው ቈጠራ ሦስትና አራት ሆኖ ተገኘ። ልዩነቱ መጀመሪያ አሳዝኖን ነበር፤ ነገር ግን ምርመራ የሚጀመረው ቃል ከቃል በተለየበት ቦታ ላይ መሆኑን ቈይቶ ተረዳነው።

ከሁሉ የሚያስቸግረው የስም ነገር ነው። በአገራችን የቤተ ሰብ ስም ስለሌለ የአያት ስም በልጅ ልጅ ይጠፋል። አንዱም ሰው ብዙ ስም አለው፤ እናቱ ያወጣችለት፥ ካህን ያወጣለት የክርስትና ስም፥ ወታደር የሆነ እንደ ሆነም የፈረስ ስም። አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፥ አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው እንደ ተባሉ ተራውም ፈረሰኛ እንዲሁ «አባ» እየተባለ ይጠራ ነበር። ስለዚህ በሙግት ወረቀት ላይ በዓለም ስሙ፥ በዳዊት ላይ በክርስትና ስሙ፥ በፉከራ በፈረስ ስሙ የሚታወቀውን አንዱን ሰው ሦስት ሰዎች አድርጎ መጻፍ ቀላል ነው። እኛም አንዱን አያት ለስድስት ወር ያህል ሁለት ወንድማማቾች አድርገን ይዘን ነበር።

የሴቶች ነገር ደግሞ የተለየ ነው። ሴት ባል ስታገባ የአባቷን ስም ስለማትለውጥ ይህ ለመርማሪ ይጠቅማል። ነገር ግን ልጇ የሚጠራው በአባቱ ስም ስለ ሆነ የርሷ ስም ከልጆቿ ጋራ አይሄድም። ርስት በርሷ በኩል የመጣ እንደ ሆነ ስሟ በቈጠራው ውስጥ ይኖራል፤ ያልመጣ እንደ ሆነ ግን «ሚስቱ» ተብላ ትቀራለች። ስለዚህ ተጠያቂውን ሁሉ «እናቱስ ማን ትባላለች?» ብለን መጠየቅን ልማድ አደረግነው።

ዘመንን በሚመለከት ሽማግሌ የተወለደበትን ዓመተ ምሕረት ባያውቅ ሊያስገርም አይገባም፤ የሚቈጥረው በሆነው ነገር ነው። አፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ያለፉበት 1860፥ ክፉ ቀን የተባለው ከ1880 እስከ 1884 የቈየው ረኃብ፥ የዐድዋ ዘመቻ 1888፥ የሰገሌ ጦርነት 1909፥ የኅዳር በሽታ 1911፥ የማይጨው ጦርነት 1928 ዓ.ም. እንደ ምሰሶ ሆነው ያገለግላሉ። «እናቴ በኅዳር በሽታ ስትሞት እኔ ዳዴ እል ነበር» ያለ ሰው ዕድሜውን ከመዝገብ ባልተናነሰ ሁኔታ ነግሮናል።

ከዚህም ሌላ ሐረጉ በመካከል የሚያጥርበት ጊዜ አለ። አቅኚው አይረሳም፤ የቅርብ አያቶችም አይረሱም፤ በመካከል ያሉት ግን ሁለቱ አንድ እየሆኑ ይቀራሉ። አንዱ ቤት እስከ አቅኚው 11፥ ሌላው 9 ትውልድ ቈጥሮልናል። ለአንድ ትውልድ ከ25 እስከ 30 ዓመት ቢሰጥ 11ዱ ወደ 300 ዓመት ያህል ይወስዱናል፤ ይኸውም ነጋሢ ክርስቶስ በመንዝ ከተነሣበት ከ17ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ጋራ ይቀራረባል። መቀራረቡ ግን ማስረጃ አይደለም፤ የማይቻል አለመሆኑን ብቻ ያሳያል።

ከጽሑፍ የሚገኘው

የገበሬ ቤት ጽሑፍ የለውም የሚለውን አሳብ ይዘን ሄደን ነበር፤ ነገር ግን ተሳስተናል። በአብያተ ክርስቲያናት የርስትና የጉልት ውል በወንጌሉ ባዶ ቅጠሎች ላይ የመጻፍ ልማድ ከጥንት የነበረ ነው። በየቤቱ ባለው ዳዊት ውስጥ የባለቤቱ የክርስትና ስም በጸሎቱ መካከል ገብቶ ይገኛል፤ በመጨረሻዎቹ ባዶ ቅጠሎችም ላይ ነፍስ ይማር የሚባልላቸው ሙታን ተጽፈው እናገኛለን። በሣጥን ውስጥ የፍርድ ቤት ወረቀት፥ የግብር ደረሰኝና ከጀርባው ቀን የተጻፈበት ፎቶግራፍ ይገኛል። ከ1966 ዓ.ም. ጀምሮ የብዙ አድባራትና ገዳማት የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ስለ ተነሡ መጽሐፉ ራሱ ቢጠፋ እንኳ ምስሉን ማየት የሚቻልበት ጊዜ አለ።

ከታተሙት መጻሕፍት ውስጥ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1915 ዓ.ም. ያሳተሙት «የሕይወት ታሪክ» የብዙ ሰዎችን ትውልድና ሥራ በአጭር በአጭሩ ስለ ያዘ ይጠቅማል። ለእኛ አብነት የሆነን ግን አቶ መንግሥቱ ለማ ከአባታቸው ከአለቃ ለማ ኃይሉ አንደበት ተቀብለው በ1959 ዓ.ም. ያሳተሙት መጽሐፈ ትዝታ ነው። ልጅ አባቱን በሕይወት ሳለ ቢጠይቅ ምን ያህል ነገር ከመቃብር እንደሚያድን ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አንፈልግም።

ስለ ዘመን አቈጣጠር አንድ ነገር እንጨምር። ውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን የወላጆቻቸውን ወረቀት ሲመረምሩ በእኛና በፈረንጅ አቈጣጠር መካከል ያለው ልዩነት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 7፥ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት መሆኑን ባለማስተዋል የልጅን ልደት ከእናቱ ሠርግ በፊት የሚያደርጉበት ጊዜ አለ።

በአንድ ቤተ ሰብ የደረሰብን

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። የመረመርነው ቤተ ሰብ በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን ከነበረ ከአንድ ገበሬ የሚወለድ ሲሆን በሁለት ይከፈላል። ስማቸውን ስለማንጠቅስ የላይ ቤትና የታች ቤት እንበላቸው። የላይ ቤት ከገበሬው ሴቶች ልጆች፥ የታች ቤት ወደ ዐድዋ ከዘመተው ከወንዱ ልጅ ይወለዳሉ። ከገበሬው በላይ ባለው ሐረግ አይጣሉም። የሚለያዩት በአንድ ነገር ነው፤ የታች ቤት የገበሬው ሚስት ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ወለደች ሲሉ፥ የላይ ቤት ሁለት ሴቶች ብቻ ወለደች ይላሉ።

በመጀመሪያው ዓመት የላይ ቤት ወንዱን ልጅ ረስተውታል ብለን ጻፍን። ነገር ግን አልረሱትም። ስሙን ያነሣሉ፤ ዘመቻውንም እያከበሩ ይተርካሉ። «የአባታችን ልጅ ነው» ይሉታል እንጂ «የእናታችን ልጅ» ሲሉት ግን አንድ ቀን አልሰማንም። ይህን ያስተዋልነው ከተመለስን በኋላ የቀዳነውን ድምፅ ደግመን ስናዳምጥ ነው።

በሁለተኛው ጒዞ የታች ቤት ዳዊት ተሰጠን። ዳዊቱ የዚያው የዘማቹ ነበር፤ የክርስትና ስሙ በጸሎቱ ውስጥ ተጽፎአል። በመጨረሻው ቅጠል ላይ በራሱ እጅ ሦስት የሙታን ስሞች አስፍሮአል። የመጀመሪያው የገበሬው፥ ሁለተኛው የሚስቱ የክርስትና ስም መሆኑን ካህኑ አረጋገጡልን። ሦስተኛው የሴት ስም ነው፤ ማንነቷን ግን ከሁለቱም ቤት የሚያውቅ አልተገኘም።

ነገሩ የተገለጠው በሣጥን ውስጥ ከነበረ የ1946 ዓ.ም. የፍርድ ወረቀት ነው። አንድ የሩቅ ዘመድ የዘማቹን ልጅ በርስት ከሶት ነበር። የክሱም ቃል፥ ተከሳሹ አባቱ ከቤት ገረድ የተወለደ ስለ ሆነ ከአቅኚው ሊቈጥር አይገባውም የሚል ነው። ሽማግሌዎች ቀርበው ገበሬው በሕይወቱ ሳለ «ልጄ ነው» እያለ ሲጠራውና መሬት ሲያካፍለው ማየታቸውንና መስማታቸውን ስለ መሰከሩ ፍርዱ ለተከሳሹ ሆነ። ወረቀቱ የሴቲቱን ስም አይጠቅስም። ዳዊቱ ደግሞ ስሙን ይዞ ማንነቷን አይናገርም። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን ዘማቹ እናቱን ለሰው ባይናገራትም ለጸሎት እንደ ጻፋት ታወቀ።

ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተከለከለው በ1934 ዓ.ም. ነው። ክሱ የቀረበው ከዚያ 12 ዓመት በኋላ ነበር። እንግዲህ ሕጉ ሰውን ነጻ ቢያወጣም በሙግት ላይ የአያት ባርነት እንደ ጦር ሲወረወር ይኖር ነበር ማለት ነው። የታች ቤት ልጁን ከሕጋዊቱ ሚስት እንደ ተወለደ አድርገው መቍጠር የጀመሩትም ዳግመኛ እንዳይከሰሱ ነው።

በዚህ ጊዜ ያደረግነውን በደል ሳንሸሽግ እንጽፋለን። ነገሩን በማግኘታችን ደስ ብሎን በማኅበር ቀን ዘመዱ ሁሉ ተሰብስቦ ሳለ ከመካከላችን አንደኛው ወረቀቱን ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። የዘማቹ የልጅ ልጅ የሆኑ አንዲት ከ90 ዓመት በላይ የሆናቸው እማሆይ አንድ ቃል ሳይናገሩ ብድግ ብለው ወጡ። በማግሥቱ ሽማግሌ ይዘን ይቅርታ ልንጠይቅ ሄድን።

እማሆይም እንዲህ አሉን፦ «ልጆቼ፥ የማላውቀውን ነገር አልነገራችሁኝም። አባቴ ፍርድ ተፈርዶለት የመጣ ማታ፥ ከዛሬ ጀምሮ ይህ ነገር በዚህ ቤት አይነሣ ብሎ አስምሎናል። እኔ ሰባ ዓመት ሙሉ ዝም ያልሁትን እናንተ በአንድ ጥዋት ለአገር አነበባችሁት።»

የምንመልሰው ቃል አልነበረንም። ጥቂት ከቈዩ በኋላ አያታቸው በየዓመቱ በአንድ የታወቀ ቀን ለነዳያን ዳቦና ጠላ ይሰጡ እንደ ነበር፥ ስለ ማን ነፍስ እንደ ሆነ ግን ተናግረው እንደማያውቁ አወሱን። ከዚያም ዳዊቱን አምጡልኝ አሉ። ማንበብ ስለማይችሉ ሦስተኛውን ስም አነበብንላቸው፤ ሦስት ጊዜም አስደገሙን። በመጨረሻ፦ «ስሟን ጻፉት። ገረድ ብላችሁ ግን አትጻፉ፤ እናት ብላችሁ ጻፉ» አሉ።

ስለ ማካፈል

በዚህ ነገር በመካከላችን ብዙ ተከራከርን። አንደኛው ወገን እውነቱ ሙሉ ካልተጻፈ ታሪክ አይደለም አለ። ሁለተኛው ደግሞ ታሪኩ የኛ ሳይሆን የነርሱ ነው አለ። በመጨረሻ የተስማማነው እንዲህ ነው። ለቤተ ሰቡ በተጻፈው የትውልድ ሐረግ ላይ ሴቲቱ በስሟ ገብታለች፤ ከስሟ አጠገብ «እናት» የሚለው ብቻ ተጽፎአል። የፍርድ ወረቀቱ ግልባጭ ታሽጎ በታች ቤት ሣጥን ተቀምጦአል፤ ማየት የፈለገ የቤቱ ልጅ ጠይቆ ያየዋል። ነገሩ ለሌሎች ትምህርት እንዲሆን በዚህ መጽሔት ያለ ስም እንዲተረክ እማሆይ ፈቅደውልናል። ስለዚህም የቤተ ሰቡን ስም፥ ቀበሌውንም ሆነ ቤተ ክርስቲያኑን አልጠቀስንም። ይህ ፍርድ ትክክል መሆኑን እርግጠኞች አይደለንም፤ ባርነትን ከስሟ አጠገብ ያለማንሣታችን በነገሩ ክፋት ላይ መጋረጃ መጣል ነው የሚል ሰው ቢኖር ምክንያት የለውም አንለውም። ነገር ግን መጋረጃውን የመግለጥ ፈቃዱ በመጀመሪያ የልጆቿ ነው ብለን አመንን።

ከዚህ የተማርነውን በአጭሩ ብንናገር፥ የተለያየ ቃል ሲገኝ አንዱን መርጦ ሌላውን መጣል አይገባም፤ ሁለቱንም ከተናጋሪውና ከቀኑ ጋራ መጻፍ ያስፈልጋል። በሕይወት ያለ ሰው የሚያፍርበትን ወይም የሚያዝንበትን ነገር ከማንበብ በፊት ለብቻው መጠየቅ ግዴታ ነው። የተሰበሰበውም ጽሑፍ በከተማ መደርደሪያ ብቻ ሳይቀር አንድ ቅጂ ወደ ተገኘበት ቤት ሊመለስ ይገባል፤ እኛም ለሁለቱም ቤቶች አንድ አንድ ደብተር ሰጥተናል።

አንዳንድ ሰዎች በዚህ ጊዜ ትውልድ መቍጠር ምን ያደርጋል፥ አጥንት ለመለየትና ሰውን ከሰው ለማጣላት ካልሆነ በቀር ሊሉን ይችላሉ። ፍርሃታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። እኛ ያየነው ግን ሌላ ነው። ሰው የሚለያየው አንዲቱን የአባት ሐረግ ብቻ ይዞ ሌሎቹን 127 የሰባተኛ ቤት ወላጆቹን የተወ እንደ ሆነ ነው። በዚህ በአንድ ቤተ ሰብ ውስጥ በጋብቻ ከወሎ የመጣች፥ በዘመቻ ተማርካ የመጣች፥ ረኃብ ነድቶት የገባ ሰው አግኝተናል። ከመንዝ አቅኚ የሚቈጥሩት ልጆች የእነዚህም ሁሉ ልጆች ናቸው።

ሌሎች ተማሪዎችም በዕረፍት ጊዜያቸው ወደየወላጆቻቸው ሲሄዱ አንድ ደብተር እንዲይዙ እንለምናለን። ከአያቶቻቸው በፊት የእናቶቻቸውን እናት ይጠይቁ። በጽሑፋችን ስሕተት ያገኘ አንባቢም ቢያርመን በደስታ እንቀበላለን። እማሆይ ዛሬም በሕይወት አሉ፤ በዚህ ዓመትም በዚያው ቀን ዳቦ አስጋግረው ለነዳያን ሰጥተዋል፤ ካህኑም ሦስተኛውን ስም ጠርተዋል።